የጣሳው ዐጸድ

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከገበያዋ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ይቆምባታልና ሐሙሲት ተባለች፤ በዚሁ መንገድ ወደ ጎንደር ሲዘልቁ የምትገኘው ማክሰኝትም ከማክሰኞ ገበያዋ እንደተጠራች ሁሉ። እኔ የደረስኩት ግን ዓርብ ጠዋት፣ ገበያው በተበተነ ማግስት ነበር። የተበተነ ገበያ ልብ ብሎ ላየው ብዙ ይናገራል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የተቀደደ የማዳበሪያ ጆንያ፣ እጀታው የተነቀለ ጀሪካን፣ ጓደኛው የጠፋ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ። ሰው የሚፈልገውን ይዞ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ ሜዳው ላይ የቀረው ማንም የማይፈልገው ነው።

ከዚያ መሃል አንዲት እናት ጎንበስ ቀና ሲሉ አየሁ። ያነሡት የዘይት ጣሳ ነው፤ ቂጡ ዝጎ ተበስቷል። አገላበጡት፤ በቀዳዳው በኩል ብርሃን አዩበት፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉትና ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

«እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ምን ያደርጉታል?»

«እተክልበታለሁ፣ ልጄ።»

«ተበስቷል እኮ!»

ቀና ብለው አዩኝ። «ባይበሳ ኖሮ እኔው እበሳው ነበር» አሉ።

ይህ መልስ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። እኔ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ በረንዳ ላይ፣ ከሱቅ ገዝቼ ያስቀመጥኩት የሚያብረቀርቅ የአበባ ሸክላ ነበረኝ። ቂጡ ድፍን ነው። እንዲያምር እንጂ እንዲያስተነፍስ አልተሠራም። ውሃው መውጫ አጥቶ የተከልኩበት አበባ ሥሩ በስብሶ ሞተ፤ ሌላ ተከልኩ፤ እሱም ሞተ። ጥፋቱን በአበባው አሳበብኩ። ሙሉ የሆነ ዕቃ መግደል እንደሚችል፣ የተበሳው ደግሞ ሕይወት እንደሚይዝ ያስተማሩኝ ትምህርት ቤት ያልገቡ የሐሙሲት እናት ናቸው።

ቡና ሊያጠጡኝ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ደጃቸው ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ፣ የጣሳው ዘመዶች ተደርድረዋል። በኒዶ ጣሳ ውስጥ ጤና አዳም። አንገቱ በተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ በሶብላ። አፏ በተሰበረ እንስራ ውስጥ ዳማከሴ። ያረጀ የመኪና ጎማ በአፈር ተሞልቶ ጠጅ ሳርና አሪቲ ይዟል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ በድስት ውስጥ ሬት። አፈሩን ነካሁት፤ ለስላሳ ነው። ከበረት ፍግና ከወረታ በጆንያ ካስመጡት የሩዝ ገለፈት ጋር ቀላቅለውታል፤ ገለፈቱ አፈሩ እንዳይጠብቅ ያላላዋል። ቡናው ሲቀርብ እጃቸውን ወደ ደጅ ዘርግተው አንዲት የጤና አዳም ዘለላ ቀነጠቡና ሲኒዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ልናገረው የሚገባኝ አለ። ደጁን መጀመሪያ ሳይ ያሰብኩት ስለ ድህነት ነው። ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ ሸክላ ይገዙ ነበር ብዬ ነበር። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ይህ ግምት ራሴን አሳፈረኝ። እኚህ ሴት ስለ ዕቃው ማማር አልተጨነቁም፤ የተጨነቁት ስለ ውሃው መውጫ፣ ስለ አፈሩ ልስላሴ፣ ዶሮ እንዳይጭረው ስለሚደረግለት ከለላ ነው። ድሃው እኔ ነበርኩ።

የዘይት ጣሳ በሀገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። መጀመሪያ ዘይት ይዞ ይመጣል። ዘይቱ ሲያልቅ ክዳኑ ተቆርጦ መስፈሪያ ይሆናል፤ በገበያችን እህሉም ጥራጥሬውም በጣሳ ይሸጣልና። ጎኑ ሲጨማደድ ሰው ስፍሩን ማመን ስለሚተው ከገበያ ይሰናበትና ውሃ መቅጃ ይሆናል። ቂጡ ሲበሳ ደግሞ ወደ ደጅ ይወጣል። በልጅነቴ በብዙ ቤት የማየው ጣሳ የርዳታ ዘይት የመጣበት፣ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ሥዕል ያለበት ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ባሉት ዓመታት ያ ሥዕል ያልገባበት ሰፈር ጥቂት ነው። የረኀብ ዘመን ያመጣውን ቆርቆሮ ጎረቤታችን ጌጠኛ አድርገው ጽጌረዳ ተክለውበት ነበር። ልጅ ነበርኩና ምን እንዳደረጉ አልገባኝም። አሁን ይገባኛል። ያን ዘመን መጣልም መርሳትም አልፈለጉም፤ አፈር ሞሉበት።

እንስራና ጀሪካን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሳይ ሌላ ነገር አሰብኩ። እንስራ ሲሰበር ገል ይሆናል። ገል ሥራ አያጣም፤ ከጎረቤት ፍም ይጫርበታል፣ ዕጣን ይጨስበታል፣ በመጨረሻ ወደ መጣበት አፈር ይመለሳል። ጀሪካን መመለሻ የለውም። የእናቶቻችንን ጀርባ ከከባድ ሸክላ ያሳረፈ ዕቃ ስለሆነ ክፉ ልናገረው አልደፍርም። ነገር ግን ሲሰነጠቅ የሚበሰብስበት ምድር የለም፤ ከቦይ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ጣና ይሄዳል። መሞት ለማይችል ዕቃ የሚበጀው ሌላ ሥራ ማግኘት ነው።

አዲስ አበባም የተጣለን ማንሣት ታውቅበታለች። «ልዋጭ!» እያለ አሮጌ ልብስ በአዲስ ሳፋ የሚለውጠው፣ «ቁራሌው!» እያለ ብረታ ብረት የሚሰበስበው፣ የመኪና ጎማ በረባሶ የሚያደርገው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ተቀምጦ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚሠራው ሁሉ የዚህ ሙያ ሰው ነው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦና ሰሌዳ ሰብስቦ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች የተሰቀሉ ሥራዎችን ሠርቷል። ከሥራ አጋሩ ከመስከረም አሰግድ ጋር በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም የቆመው ቀድሞ በቆሻሻ በተበከለ ቦታ ላይ ነው፤ ዛሬ አትክልት ይበቅልበታል። ሆኖም የከተማው ማንሣት አብዛኛውን ጊዜ ለሽያጭ ነው። የሐሙሲቷ እናት ግን ሊሸጡ አላነሡትም፤ ለጎረቤት ሕመም ዳማከሴ፣ ለጎረቤት ቡና ጤና አዳም እንዲኖር ነው ያነሡት።

የሚጣልና የሚነሣ ግን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አፈርም ነው። ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲወርዱ ጉማራ ወንዝ ይገኛል። ከወረታ ባሻገር ደግሞ ርብ አለ። ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ ጉና ከባሕር ወለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በየክረምቱ ከዚያ ከፍታ አፈር ጠርገው ያመጡና ወደ ጣና ሳይገቡ ፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረግፉታል። የፎገራ ጥቁር መሬት ከላይ የተጣለ ነው ማለት ነው። ከላይ ያለው የፋርጣ ገበሬ «አፈሬ ሄደ» ብሎ ያዘነበት፣ የፎገራ ገበሬ «ለም መሬት» ብሎ ያርስበታል። የአንዱ መታደስ የሌላው ጉድለት ሊሆን እንደሚችል ይህን ሜዳ እያዩ መርሳት አይቻልም።

ሜዳው ራሱ ለረጅም ዘመን በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሰብል የማይዝ ተብሎ የተናቀ ነበር። ውሃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ከዚያ ውጭ የከብት ነበር። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግና በተባለው የገበሬ ማኅበር ሩዝ ሞከሩ። ውሃ የተኛበት ያ መሬት ለሩዝ የተሠራ ሆኖ ተገኘ፤ ዘሩም የቦታውን ስም ይዞ «ኤክስ ጅግና» ተባለ። ዛሬ ወረታ የሩዝ ከተማ ናት፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ለምሳ የበላሁት እንጀራ ከጤፍና ከሩዝ የተቀላቀለ ነበር። ነጣ ብሏል፤ ትንሽ ይሰባበራል፤ በሽሮ ግን ጣፋጭ ነው። የቤቱ ባለቤት «የኛ ሀገር እንጀራ ነው፣ ይልመዱት» አሉኝ፤ በኩራት ነው የተናገሩት።

«የተናቀ መሬት» ያልኩት ግን ትክክል አይደለም። መሬቱ ለእህል አሳቢ እንጂ ለከብት ሰው የተናቀ አልነበረም። የፎገራ ላም፣ ያቺ ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረችው፣ ውሃ ውስጥ ቆማ የምትግጠው፣ የታወቀችው በዚህ ሣር ነው። ሩዙ ሲሰፋ ግጦሹ ጠበበ፤ ንጹሕ ዘሯም ተመናመነ፤ አሁን እንዳትጠፋ አንዳሳ ላይ ባለው የምርምር ማዕከል እየተጠበቀች ነው። አንድን ነገር «ባዶ ነው፣ የተጣለ ነው» ከማለት በፊት ማን ይኖርበት እንደነበር መጠየቅ እንደሚገባ እዚህ ሜዳ ላይ ተማርኩ።

ወደ ጣና ሐይቅ ጠጋ ሲሉ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም አለ። ሐምራዊ አበባው ያምራል፤ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በዓለም የተዛመተውም ለውበቱ ተብሎ በየኩሬው ስለተተከለ ነው። ከኩሬው አምልጦ ወጣ። ጣና ላይ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ከዚያ ወዲህ የሐይቁ ዳርቻ ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። ዓሣ አጥማጁ ጀልባው ይያዝበታል፤ ከብቱ መጠጫ ያጣል። ብዙ ጊዜ «ልምላሜ» የሚለውን ቃል ያለ ጥያቄ እንወደዋለን። እምቦጭ ልምላሜ ነው፤ ዳርቻ የሌለው ልምላሜ። የጣሳዋ ጤና አዳም ግን ዳርቻዋን ታውቃለች።

አውራምባን ሳላይ ማለፍ አልፈለግሁም። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ይህ ማኅበረሰብ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር አቅጣጫ፣ እዚያው ፎገራ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለውም፤ ፈጣሪን በበጎ ሥራ እናመልካለን ይላሉ። ወንዱ ይፈትላል፣ ሴቷ ትሸምናለች፣ አቅመ ደካማው ይጦራል። በደርግ ዘመን ከቀያቸው ተሰደዱ። ሲመለሱ አብዛኛው እርሻቸው በሌላ እጅ ነበር፤ በቀረችው ጠባብ መሬት ላይ በሽመና ቆሙ። እኔ ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ደወል ነውና በእምነት ነገር ከእነርሱ ጋር ብዙ የምለይበት አለ። ነገር ግን የጭቃ መደርደሪያቸው ላይ ሁሉ ነገር በቦታው ተቀምጦ ሳይ፣ በጠባብ ቦታ ሰው እንዴት እንደሚሰፋ ሳይ፣ አክብሮት አደረብኝ።

ይህን ጉዞ ወደ ጽሑፍ የወሰደው ግን የመጨረሻው ቀን ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቼ በእግሬ ወደ አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ዙሪያው የታረሰ ነው፤ አንድ ዛፍ የለም። ከመካከል ግን ጥቁር አረንጓዴ ክብ ቆሟል። ደቡብ ጎንደርን ከከፍታ ላይ ያየ ሰው እነዚህን ክቦች ያውቃቸዋል። ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ዋንዛው ከሌላው ምድር ሲጠፋ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ቀርቷል። አንባቢ በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ ነው፤ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ችግሩንም አሳይቷል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን ልጆቻቸው አይታዩም። ዘር ይወድቃል፣ ይበቅላል፣ ከብት ገብቶ ይግጠዋል። ደኑ ያረጃል እንጂ አይተካም። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ከካህናቱ ጋር ሲመክሩ የተገኘው መፍትሔ በሰው ሁሉ እጅ ያለ ነበር፤ የድንጋይ ካብ።

እኔ የደረስኩበትም ቤተ ክርስቲያን ካብ አለው። ወገብ ይደርሳል። ሲሚንቶ የለውም፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ነው። በር ላይ ያገኘኋቸው አባ በትረ መስቀላቸውን ተደግፈው አብረውኝ ዞሩ።

«አባቴ፣ ድንጋዩ ከየት መጣ?»

«ከማሳ ነዋ! ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ እየለቀመ ከዳር ይጥለው አልነበር? የተጣለውን ሰብስበን አመጣን። ማሳው ጠራ፣ ደኑም ቅጥር አገኘ።»

«ከብት የሚያስገባውን አትቀጡትም ነበር?»

«ላሟን ማን ይቀጣታል፣ ልጄ? ቅጠል ነው ያየችው። እረኛውም ልጅ ነው፤ በድርቅ ወር ላሟ ርቧታል። ሰው ከምንገሥጽ ድንጋይ ብንክብ ይሻላል አልን።»

ከካቡ ውስጥ ጎንበስ ብዬ አየሁ። በቅጠል ብስባሽ መሃል፣ ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይደርሱ፣ ሁለትና ሦስት ቅጠል ያወጡ ችግኞች ነበሩ። ማንም አልተከላቸውም። ከላይ ከቆመው ዛፍ ወድቀው የበቀሉ ናቸው። ከካቡ ውጭ፣ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ምንም የለም።

ያን ጊዜ የሐሙሲቷ እናት ጣሳ ትዝ አለኝ። ይህ ክብ ግዙፍ ጣሳ ነው። ማንም የማይፈልገው ድንጋይ ዙሪያውን ቆሞ፣ ውስጡ አፈርና ልጅ ዛፍ ይዟል። ቃሉ ቀድሞም ነበረን፤ እኔ አልሰማሁትም እንጂ። የቤተ ክርስቲያንን ቅጥር ዐጸድ እንለዋለን። ዐጸድ በግዕዝ በቅጥር የተከበበ የተክል ቦታ ነው፤ ዐጸደ ወይን የወይን ቦታ ነው። ያረፉብንንም በዐጸደ ነፍስ አሉ እንላለን፤ የሞተ ሰው ጠፋ አንልም፣ በአንድ አትክልት ቦታ ተጠብቋል እንላለን። ደጅ ላይ ያለችውን ጣሳ፣ የደኑን ካብና ለሙታኖቻችን ያለንን ተስፋ አንድ ቃል ይዟቸው ኖሯል።

«ተጠብቋል» የሚለውም ቃል አያልፈኝም። በአማርኛ መጠበቅ ሁለት ነገር ነው። እረኛ ከብት ይጠብቃል፤ መንገደኛ መኪና ይጠብቃል። አንዱ መከላከል ነው፣ ሌላው ገና ያልመጣን ተስፋ ማድረግ ነው። አባ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋሉ። የዝግባ ልጅ ለአቅመ ዛፍ እስኪደርስ የእሳቸው ዕድሜ አይበቃም፤ እሳቸው ግን ድንጋይ ይክባሉ። እምነት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ከእንግዲህ የምመልሰው «መጠበቅ» የሚለውን ቃል ነው። በልጅነቴ መታደስ የሚባለው እንደ ተአምር ድንገት የሚወርድ ይመስለኝ ነበር፤ እንደ በትረ አሮን በአንድ ሌሊት የሚያብብ። የአሮን በትር ደረቅ ሳለች አበበች፤ እሱን አምናለሁ። እኔና እናንተ የምንይዘው በትር ግን ውሃ ይፈልጋል፤ ዶሮ ይጭረዋል፤ ላም ትበላዋለች። ከመታደስ ለእኛ የተሰጠን ድርሻ ቅጥሩ ነው።

ስመለስ ሐሙሲት ላይ ወርጄ እናትየዋን ልሰናበት ሄድኩ። ያች ከገበያ ሜዳ ያነሷት ጣሳ በረድፉ መጨረሻ ቆማለች፤ በድንጋይ ተደግፋ፣ አፈር ተሞልታ። ገና ምንም አልታየባትም። ከኒዶው ጣሳ አንድ የጤና አዳም ቅርንጫፍ ሰበሩና በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ። «አዲስ አበባ እስክትደርስ ትጠወልጋለች። ሞተች ብለህ እንዳትጥላት» አሉኝ።

የተበሳ ጣሳ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ያረጀ ድስት ደጃችሁ ካለ አትጣሉት። ቂጡ ካልተበሳ በምስማር ሦስት አራት ቦታ ብሱት፤ ከሥሩ ጠጠር ወይም ገል አንጥፉበት፤ ከዚያ አፈርና ፍግ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። በፎገራ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ ዳር ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃ ተጥሎ አይቻለሁ፤ እሱ ቢታጠብም አይጠራምና የሚበላም የሚጠጣም ነገር አትትከሉበት፣ ውሃም አትቅዱበት፣ ለልጆችም አትስጡ። የዘይቱና የወተቱ ጣሳ ይበቃል። ዘር ፍለጋም አትድከሙ፤ ጤና አዳም ከቅርንጫፍ ይይዛል።